ወረፋ የማታውቅ ማጫወቻ

ወረፋ ከሚዘል ሰው ሌባ ይሻላል። አዎ፣ ብያለሁ! ሌባ ቢያንስ ያፍራል፤ ሊሰርቅ ሲል ግራ ቀኙን ያያል፣ ሲያዩት ይሮጣል። ወረፋ የሚዘል ሰው ግን መጥቶ ፊታችሁ ይቆምና፣ ጀርባውን ሰጥቷችሁ «እዚሁ ነበርኩ እኮ» ይላችኋል። እናንተስ? ለታክሲ ተሰልፎ አንድ ቀን እንኳ «እዚሁ ነበርኩ» ያላለ ከመሃላችሁ ማን አለ? ዝም አላችሁ አይደል... አውቄያለሁ።

እኔ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም። አራዳ ውስጥ ያለችው ግቢያችን በሯ ላይ ቦኖ ውሃ በነበረበት ዘመን፣ ወረፋ አስከባሪዋ እኔ ብርቄ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ሾምኩ። ጠዋት ጀሪካን በተርታ ይደረደራል። ባለቤቱ ቤቱ ገብቶ ቢተኛ እንኳ ጀሪካኑ ሰው ነው፤ ማንም አያልፈውም። አንድ ቀን አንድ ሹም ነኝ ባይ ጀሪካኑን አምጥቶ ፊት ላይ ጎለተው። አንስቼ ወደ ኋላ ወሰድኩለት።

«ሴትዮ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አውቃለሁ። አሥራ ስምንተኛው ነህ።»

ታዲያ ስንቱን ሰው ሥርዓት ሳስይዝ ኖሬ ኖሬ፣ በስተርጅናዬ የክብሪት ቀፎ የምታክል የዘፈን ማጫወቻ አዋረደችኝ!

ነገሩ የተጀመረው ከጎረቤቴ ከዘነበች ጋር ነው። ነገር ሁሉ የሚጀመረው ከዘነበች ጋር ነው። ዘነበች በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እሷን ብትጠይቋት ግን እኩያዎች ነን፣ እንዲያውም ቀን ሲከፋት ታናሼ ናት። ከአርባ ዓመት በፊት የግቢያችን ልጅ አስካለ ስትዳር ዳሱ ውስጥ ዘፈን የምታወጣ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሌላው ሁሉ ተቀባይ ነበር። ያቺ አውጪ ማን ነበረች? እኔ ነበርኩ። ዘነበች ደግሞ «እኔ ነበርኩ» ትላለች። በዚህ ነገር አርባ ዓመት ተከራክረናል። በክርስትና ተከራክረናል፣ በምርቃት ተከራክረናል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ከቀብር ስንመለስ እጃችንን ሳንታጠብ ጀምረነዋል። እግዜር ይቅር ይበለን።

ዘንድሮ አስካለ በተራዋ ልጇን ልትድር ሆነ። መጥታ ሦስታችንንም ሰብስባ አነጋገረችን፤ እኔን፣ ዘነበችንና ከድጃን። ከድጃ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ከወሎ በልጅነቷ መጥታ፣ እዚሁ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ያሳደገች፣ ስትናገር ድምፅዋ ከስፌት መኪናዋ የማይበልጥ ሴት።

«እትዬዎቼ» አለች አስካለ፣ «ልጄ ከቤት ስትወጣ የሚዘፈነውን፣ ያኔ ለኔ ያወጣችው ሰው እንድታወጣላት ስለት አለብኝ።»

«እኔ ነኛ!» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ።

«አንቺ?!» አልን ደግሞ፣ አሁንም በአንድ አፍ።

«አስካለ፣ አንቺው ተናገሪ እንጂ! ሙሽራዋ አንቺ አልነበርሽም?» አለች ዘነበች።

«እትዬ ዘነቡ፣ እኔ ተሸፋፍኜ ሳለቅስ ማን እንደዘፈነ በምን አውቄ! ግን ያኔ የተቀዳው ካሴት አለ። እሑድ እኔ ቤት ምሳ በልተን እንስማዋ። ያወጣችው ታወጣለች፣ አለቀ።»

ከድጃ የቀሚስ እጅጌ በመርፌ እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል «አላህ እውነቱን ያውጣው» አለች። «አሜን!» አልኩ እኔ፣ ጮክ ብዬ። በዚያች አሜን እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

ካሴቱ ለኔ ተሰጠ። ዘነበች ልትቃወም አፏን ስትከፍት ዓይን ዓይኗን አየኋት፣ ዘጋችው። ግን ካሴት የሚያጫውት መሣሪያ ዛሬ ከየት ይመጣል? አራት ኪሎ መሥሪያ ቤት የምትሠራው ልጄ ሰናይት ወሰደችልኝ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ዘንድ አድርሳ፣ በሁለተኛው ቀን ያቺን የክብሪት ቀፎ ከነማዳመጫ ገመዷ ይዛልኝ መጣች።

«ይኸው እማ። ካሴቱ እዚህ ውስጥ ነው።»

«የት ውስጥ?»

«እዚህ።»

«ያ ሁሉ ሠርግ? ከነዳሱ?»

«እማ፣ አትቀልጂ። ይቺን ስትጫኚ ይጀምራል፣ ይቺ ወደ ፊት፣ ይቺ ወደ ኋላ። በቃ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

አልገባኝም። ግን የወለዳችኋት ልጅ ሰዓቷን እያየች «ገባሽ?» ስትላችሁ ሌላ መልስ የለም። ደግሞ የዘመኑ ልጆች ማስተማር አይታችኋል? ዕቃውን ከእጃችሁ ይነጥቃሉ። አውራ ጣታቸው እስክስታ ትወርድበታለች። ከዚያ ይመልሱላችሁና «እንዲህ ነው» ይሏችኋል። እኔ እሷን ማንኪያ አያያዝ ሳስተምር ማንኪያውን ነጥቄ ምግቡን ራሴ በላሁት? ኧረ በላይ ያለው ይፍረድ!

ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ተቀመጥኩ። የምትጀምረዋን ቁልፍ ተጫንኩ። በመስታወቷ ላይ «1» የሚል ቁጥር መጣ፤ ቁጥር ማንበብ በመሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፣ ምስክር ወረቀቴ ግድግዳ ላይ አለ። ከዚያ አንድ ጎረምሳ ማልቀስ ጀመረ። ሴትዮዋ ትታው ሄዳለች። ስሰማው ለምን እንደሄደች ገባኝ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት። «2» መጣ፤ እሱንም ትታዋለች። «3» መጣ...

ባለሱቁ ለካስ ዕቃዋ ባዶዋን ከምትሄድ ብሎ ሁለት መቶ አሥር ዘፈን አስቀድሞ ጭኖባታል! የኔ ሠርግ፣ ማለቴ የአስካለ ሠርግ፣ ካሴቱ ሁለት ፊት ስለሆነ ሁለት መቶ አሥራ አንደኛና ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ከመጨረሻ ተቀምጧል። ሰናይት ወረቀት ላይ ጽፋልኝ ነበር።

እናንተ አሁን «ታዲያ ወደ ፊት የምትለዋን ቁልፍ አትጫኚም ነበር?» ትሉኛላችሁ። እዚህ ላይ ነው የማንግባባው። እኔ ስንት ዘመን «ማንም ማንንም አያልፍም» ስል ኖሬ፣ ለራሴ ጉዳይ ሲሆን ሁለት መቶ አሥር ሰው ላልፍ? ድምፃቸው አያምርም፣ እውነት ነው። ግን ድምፁ የሚያምር ብቻ ውሃ ይቅዳ የሚል ሕግ የትም የለም። ስለዚህ ሁሉንም ልሰማ ወሰንኩ። ሰኞ አርባ አንድ ደርሼ ለገበያ ወጣሁ። ተመልሼ ስከፍታት... «1»! ያው ጎረምሳ፣ ያችው ሴትዮ፣ ያው ለቅሶ። ማክሰኞ ቁጥሩን በልቤ አጥብቄ ይዤ ሃምሳ ስድስት ደረስኩ፤ የጎረቤት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ እንደገና «1»! ረቡዕ ማለዳ ያ ጎረምሳ አፉን ሲከፍት እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ድልድዩ ወረድኩ።

ባለሱቁ ፀጉሩ የሸበተ፣ ባርኔጣው የተጋደመ የድሮ አራዳ ነው። ቢበዛ በአሥር ዓመት ብበልጠው ነው፣ «ማዘር» ይለኛል። «ሠርጋችን አልደርስ አለኝ» ብዬ ማጫወቻዋን ሰጠሁት።

«ማዘር፣ ስንት ቁጥር ደረሱ?»

«ሰኞ አርባ አንድ፣ ማክሰኞ ሃምሳ ስድስት፣ ዛሬ አንድ።»

«ሁሉንም ይሰማሉ እንዴ?»

«ታዲያስ?»

«ይዝለሏቸዋ!»

«ምን አልክ?»

«ይቺን ተጭነው ይዝለሏቸው።»

«ስማ! ሰውየው ተራው ደርሶ፣ ቆሞ እየዘፈነ፣ 'ዞር በል' ልበለው?»

«ማዘር፣ አይሰማዎትም እኮ!»

«ባይሰማኝስ? ጀሪካንም አይሰማም!»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ደግሞስ የኛን ሠርግ ለምን ከመጨረሻ አደረግኸው?» ብዬ አፈጠጥኩበት።

«መጨረሻ ስለመጣ ነዋ! ሌሎቹ ቀድመው ገብተው ነበር።»

ኋላ የመጣ ኋላ ነው። የራሴ ሕግ ነው፤ በራሴ ሕግ ተረታሁ።

ሰውየው አዘነልኝ መሰለኝ ዕቃዋን ተቀብሎ አንድ ነገር ነካ ነካ አደረጋት። «እንግዲያው ሸፍል አደርግልዎታለሁ፤ ዘፈኖቹን እንደ ዕጣ እየቀላቀለ ያወጣል። ዕድል ካለዎት ሠርግዎ ቶሎ ይደርሳል» ብሎ መለሰልኝ። መስታወቷ ላይ እርስ በርስ የተጠላለፉ ሁለት ቀስቶች ወጡ። ያኔ ነው ነገሩን መጠርጠር የነበረብኝ። ቀጥ ብሎ የማይሄድ ቀስት ምን ደህና ነገር ያመጣል?

ማዳመጫውን ጆሮዬ ሰክቼ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስወጣ «7» ጀመረ። ቀጥሎ «130»። እሺ፣ ዕጣ ነው አልኩ፤ ዕጣ ሥርዓት ነው። ቀጥሎ «64»። ቀጥሎ... «7»! ያው ሰባተኛው! ዕጣው የወጣለት ሰው እንደገና ዕጣው ውስጥ ይገባል? የት አገር ነው? ጥቂት ሄድኩ፤ ለሦስተኛ ጊዜ «7»! ከሁለት መቶ በላይ የሆኑት በጥማት ደርቀው ተሰልፈው፣ እሱ ሦስቴ!

«አንተ! አሁን ቀድተህ አልሄድክም እንዴ?!» ብዬ ጮህኩ።

ለካ ማዳመጫ የሰካ ሰው ድምፁን አያውቀውም። የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞረ። የታሸገ ውሃ ይዞ በአጠገቤ የሚያልፍ አንድ ምስኪን ሰውዬ ደንግጦ ቆመና፣ «አልቀዳሁም እማማ... ገዝቼው ነው» አለኝ።

ሐሙስ ተመልሼ ሱቁ ባንኮኒ ላይ አስቀመጥኳት። «ይቺን ቀስት አጥፋልኝ። ይቺ ማሽን ጉቦ በልታለች።»

ባለሱቁ አጠፋልኝ። ከዚያ አገጩን እያሻሸ ትንሽ አሰበና፣ «ማዘር፣ መዝለል ካልፈለጉ... ቁጥር አንድ ላይ እያሉ ወደ ኋላ የምትለዋን አንዴ ቢጫኑስ?» አለኝ።

«ከአንድ ወደ ኋላ ምን አለ?»

«ይሞክሩታ።»

ተጫንኩ። «212»! ዓይኔን ጠረግኩ። 212!

«ይዞራል እኮ ማዘር። መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር የተያያዘ ነው።»

አስቡት እስቲ። የማርያም ማኅበራችን አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ በየወሩ አንዳችን ቤት ይደገሳል። አሥራ ሁለተኛዋ ስትጨርስ ጽዋው ወደ መጀመሪያዋ ይመለሳል። ከመጀመሪያዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያለችው ማን ናት? አሥራ ሁለተኛዋ! ይሄ ማሽን ሰልፍ መስሎኝ ስጣላው የከረምኩት ለካ ማኅበር ኖሯል! ወደ ኋላ ስሄድ ማንንም አላለፍኩም፤ የማንንም ጀሪካን አልነካሁም!

«ይሄን ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«መዝለል ኃጢአት እንደሆነ ከመጀመሪያው መቼ አወቅሁ?» አለ ባርኔጣውን እያነሳ። «ቁልፏን ተጭነው ከያዟት ደግሞ፣ እዚያው ዘፈን ውስጥ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይመልስልዎታል። የወደዱትን መድገም ነው።»

ዓርብ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ወደ ኋላ አንዴ፣ ወደ ኋላ ሁለቴ... 211። ከበሮ። ውሻ ይጮሃል። ሕፃን ያለቅሳል። ከዚያ አንዲት ሴት ዘፈን አወጣች... ኧረ ድምፅ! ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል። «ይኸውና እኔ!» ብዬ ዘለልኩ። ወዲያው ግን ሌላ ድምፅ፣ ጎርነን ያለ፣ አውጪዋ ሳትጨርስ ዘው ብሎ ገባ። እንደገና አወጣች፤ እንደገና ዘው! «ይቺ ወረፋ የማታውቅ ደግሞ ማን ናት?» ብዬ በሳቅ ሞትኩ። ዘነበች ናታ! ሌላ ማን ሊሆን! እሑድ በሰው ፊት ፊቷን ሳይ ታየኝና እጄን አፋተግሁ።

ያኔ አንድ የወንድ ድምፅ ከመሃል፦

«ብርቄ! ኧረ ተራሽን ጠብቂ! ከድጃ ታውጣው እንጂ!»

ባለቤቴ ነው። ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ቀን ቢጮህብኝ በካሴት ተቀዳ!

ሁለተኛውን ፊት ከፈትኩ። እሱም ከድጃ። ዘነበችስ? ዘነበች አንድም ስንኝ አልዘፈነችም። ከዳር እስከ ዳር እልልታ ብቻ! ባቡር ይነፋል ነው የምትሉት።

እንግዲህ ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰናይት ጊዜ የላትም፤ ባለሱቁ የሰው ሠርግ አይሰማም። ማሽኗ ደግሞ በእጄ ናት፤ እያንዳንዷን ቁልፍ ተምሬያታለሁ። «ተበላሸች» ማለት ይቻላል። ጥሩ ጥሩውን አሰምቶ፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ ጣትን ጣል አድርጎ ማለፍም ይቻላል። ሳምንት ሙሉ እምቢ ያልኳት ወደ ፊት የምትለዋ ቁልፍ ያን ቀን እንዴት አማረችኝ መሰላችሁ! እናንተስ ብትሆኑ? አትመልሱ፤ ለታክሲ ስትሰለፉ አይቻችኋለሁ።

እሑድ አስካለ ቤት ከምሳ በኋላ ማጫወቻዋ ከትልቅ ስፒከር ጋር ተገናኘች። ዘነበች ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ገና ሳይዘፈን ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ሰናይት «አምጪ እማ፣ ልርዳሽ» ብላ እጇን ዘረጋች።

«እጅሽን!» አልኳት።

ከፈትኩ። ወደ ኋላ አንዴ። ወደ ኋላ ሁለቴ። ሰናይት አፏን ከፍታ ቀረች። እሷን ማየቱ ብቻ ለምሳው በቂ ነበር።

ከበሮው ጀመረ። ያ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ። ዘነበች «ሰማችሁ?» ብላ ደረቷን መታች። እኔ ጣቴን ከቁልፏ አንስቼ ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ። እንዳይከዳኝ ነው። ከዚያ፦ «ብርቄ! ኧረ ተራሽን ጠብቂ! ከድጃ ታውጣው እንጂ!»

ቤቱ ፈረሰ በሉት! ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ዘነበች ናት፤ እንባዋን እየጠረገች «ቦኖ አስከባሪዋ! ቦኖ አስከባሪዋ!» ትላለች። ሙሽሪት ግን ጆሮዋን ይዛ፣ «እናቴ፣ ይቺ እንደ ፊሽካ የምትጮኸውስ ማን ናት?» ብላ ጠየቀች። አስካለ ዘነበችን አየች። ሁላችንም ዘነበችን አየናት። ዘነበች ሳቋን ዋጠች።

ከድጃ የሻሿን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።

«ከድጃ!» አልኳት። «አርባ ዓመት ሙሉ 'እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ' ስንል ግድግዳ ተጋርተሽ ትሰሚናለሽ። ለምን አንድ ቀን አልተናገርሽም?»

ቀና አለች። ያው ከስፌት መኪናዋ በማይበልጥ ድምፅዋ፦

«መቼ ተራ ሰጣችሁኝ?»

ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። ሁለት መቶ አሥር የማላውቃቸውን ጎረምሶች ወረፋ ሳስከብር የከረምኩ ሴት፣ ግድግዳ የምጋራትን ጎረቤቴን አርባ ዓመት ከሰልፉ አስወጥቼ ኖሬያለሁ። ማሽኗን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ከድጃን ቀድሜ ነው መጠየቅ የነበረብኝ፤ እሷንም ጠየቅኋት። «ተዪው ባክሽ» አለችኝ፣ «እናንተ ስትጣሉ እኔ በነፃ ቲያትር ሳይ ኖሬያለሁ።»

ለአስካለ ልጅ ሠርግ ከድጃ አወጣች። እኔ ተቀባይ ሆንኩ። ሁለቴ ብቻ ቀድሜ ገባሁ፤ ሁለቴም ዞር ብላ አየችኝ። ዘነበች ያው እልልታዋን ነፋችው፤ ይኸውላችሁ እሷ ቢያንስ ሥራዋን ታውቃለች።

ማጫወቻዋ ዛሬ በነጠላዬ ጫፍ ታስራ የትም አብራኝ ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ስቀመጥ ወደ ኋላ ሁለቴ እጫናለሁ፤ ያቺ ቦታ ስታልፍ ቁልፏን ይዤ እመልሳታለሁ። «ብርቄ! ኧረ ተራሽን ጠብቂ!» ይለኛል ባለቤቴ።

«እየጠበቅኩ ነው» እለዋለሁ። ደግሞም አልቸኩልም፤ በሰልፉ ከኔ ፊት ዘነበች አለች። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ወረፋ ደግሞ ወረፋ ነው።